ዶላሩ ተለቀቀ፤ ብሩስ የት ገባ?

ሀዋሳ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ እሸጣለሁ። ገመድ፣ ሶኬት፣ ብሬከር፣ አምፖል። አንድ ማታ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ የከተማችን ነጋዴዎች የሚወያዩበት መድረክ ላይ ጥያቄ ጣል አደረግኩ። ጠዋት ስነሳ ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረዝሞ ጠበቀኝ። በመሃል የገባ ሰው መነሻው ስለሚጠፋበት መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አሳጥሬ አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። ስድቡን ቀንሻለሁ። ጨርሼ ግን አላወጣሁትም፤ ያለ እሱ ነገሩ አይጥምም።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ወገኖች እንደምን አላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ሰኞ ነበር። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከዛሬ ጀምሮ በገበያ ይወሰናል ተባለ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዕለቱ ወደ 75 ብር ወጣ። ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። በዓመቱ ከ130 በላይ ሆነ።

በዚያ ሰኞ ረፋድ ላይ ከመርካቶ ዕቃ የሚልክልኝ ጅምላ ነጋዴ ስልኬ ላይ ሁለት ቃል ላከ፤ ዋጋ ቆሟል። ያዘዝኩት ገመድ ነበር፤ ገንዘቡንም አስገብቻለሁ። ዕቃው መጋዘን ውስጥ ታስሮ፣ ስሜ በማርከር ተጽፎበት ተቀምጧል። ግን አይወጣም። ከሰዓት ደወልኩ፣ አያነሳም። በነጋታው ሲያነሳ ዋጋው ሌላ ነው። ልዩነቱን ጨምር፣ ካልፈለግክ ገንዘብህን ውሰድ አለኝ።

ያልገባኝ እዚህ ጋ ነው። አስመጪው ድሮም ቢሆን ከባንክ በ57 ብር ዶላር እንደልቡ አያገኝም ነበር። ቢያገኝ በሰው በሰው ነው፣ ወይም ከወራት ወረፋ በኋላ። የጎደለውን ከጥቁር ገበያ በ115 ምናምን ይገዛል። ለእኛም የሚሸጥልን በዚያው ሒሳብ ነው። ታዲያ ባንኩ ጥቁር ገበያው ወደነበረበት ሲወጣ የገመድ ዋጋ ለምን ይጨምራል? ሁለተኛም አለኝ። አሁን ባንክ ዶላር አለ ይባላል። በ2015 የውጭ ምንዛሪ የተከለከሉት 38 ዓይነት ዕቃዎችም ተፈቅደዋል። ታዲያ አስመጪዬ ድሮ ከሚያመጣው ያነሰ የሚያመጣው ለምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ከዶላር ወረፋ ወጥተን የብር ወረፋ ላይ ተሰልፈናል። ሌላ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

መልስ 1። መጀመሪያ የገቡት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በመድረኩ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። አመስግነው ወደ ኋላ ወሰዱን። በንጉሡ መጨረሻና በደርግ ዘመን ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ታስሮ እንደኖረ፣ በ1985 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 5 ብር እንደገባ አስታወሱ። በ2010 ጥቅምት ብር በ15 በመቶ ሲወርድም የዚህ ጥያቄ ታላቅ ወንድም ተነስቶ ነበር አሉ። መልሱን ግን ሳይነግሩን ደህና እደሩ ብለው ሄዱ። መምህር አይደሉ፣ የቤት ሥራ መስጠት ለምደዋል።

መልስ 2። ጅምላ ነጋዴ ነኝ ያለ ሰው ለመርካቶው ሰውዬ ጠበቃ ሆኖ ቆመ። ነጋዴ ዕቃውን የሚሸጠው በገዛበት ዋጋ ሳይሆን ነገ በሚተካበት ዋጋ መሆኑን አስረዳኝ። ያን ቀን የነገውን ዋጋ የሚያውቅ አልነበረም። ባንኩ ሲነሳ ጥቁር ገበያውም ባለበት ይቆም እንደሆን፣ ሸሽቶ ይሄድ እንደሆን ማንም እርግጠኛ አልነበረም። እንዲህ ባለ ቀን ሸጦ ባዶ መጋዘን ይዞ ከመቅረት በር ዘግቶ ሻይ መጠጣት ይሻላል ባይ ነው። ገንዘቡ ቀድሞ የገባለትን ዕቃ መያዝ ግን እሱም ነውር መሆኑን አልካደም። ቢያንስ ይኼን ማመኑን ወደድኩለት።

መልስ 3። ወዲያው አንዱ ተቆጣ። ይኼ የተመን ጉዳይ ሳይሆን ዕቃ መደበቅ ነው፣ ስሙም ስግብግብነት ነው የሚል ነበር መልእክቱ። በዚያ ሰሞን ሱቆች መታሸጋቸውን አስታውሶ፣ ሲያንሳቸው ነው ብሎ ጨረሰ።

መልስ 4። ጋሼ ተመለሱ። እንቅልፍ አልወሰዳቸውም መሰል። ለ3ኛው የሰጡት መልስ ለስለስ ያለ ነው፤ ግን ይቆነጥጣል። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በስኳር፣ በዘይት፣ በሩዝና በመሳሰሉት ላይ የዋጋ ጣሪያ አውጥቶ እንደነበር አስታወሱ። ዋጋው ወረቀት ላይ ወረደ፤ ዕቃው ከመደርደሪያ ላይ ጠፋ። ከወራት በኋላ ጣሪያው በአብዛኛው ዕቃ ላይ ተነሳ። የሱቅ ማሸጊያ ወረቀት ዘይት አይጨምቅም የምትል ቃል ጣል አድርገዋል።

መልስ 5። ክሩን ያቃናው ይኼ ነው። ሰውዬው ትራንዚተር ነው። ሥራው የሌላውን ዕቃ ከጉምሩክ ማስለቀቅ ነው። ጥያቄዬ ግማሽ እውነት እንዳለው፣ ሌላውን ግማሽ ግን እንዳላየሁት በሒሳብ አሳየኝ።

የ1,000 ዶላር ዕቃ አስብ አለ። አስመጪው ዶላሩን ከየትም ያምጣ ከየት፣ ጉምሩክ ቀረጡን የሚያሰላው በባንክ ተመን ነው። ባንኩ 57 ሲል የዕቃው ዋጋ 57,000 ብር ነው። ቀረጡ 20 በመቶ ቢሆን 11,400 ብር ይከፍላል። ባንኩ 120 ሲል ያው ዕቃ 120,000 ብር ይባላል፤ ቀረጡም 24,000 ይሆናል። ሻጩ ቻይና ውስጥ አንድ ሳንቲም አልጨመረም። ጥቁር ገበያውም አልተነካም። ቀረጡ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። በዚህ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ አለ። ሱር ታክስ 10 በመቶ የሚነካቸው ዕቃዎች አሉ። የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ 3 በመቶ፣ ቅድሚያ የሚያዝ የገቢ ግብር 3 በመቶ አለ። አንዱ ሌላው ላይ እየተደራረበ ይሄዳል። ተመኑ ከፍ ሲል ሁሉም አብሮ ከፍ ይላል።

ሌላም ነገር ሹክ ብሎናል። ድሮ አንዳንዱ አስመጪ ደረሰኙን አሳንሶ ያስገባ ነበር። ግማሹን በባንክ፣ ግማሹን በእጅ ይከፍላል፤ ጉምሩክ የሚያየው የባንኩን ብቻ ነው። አሁን ያ ጨዋታ እየጠበበ ነው። ማን ይጫወት እንደነበር ግን አልጠየቅንም፣ እሱም አልነገረንም።

ይኼን ሳነብ የራሴ ዕቃ ትዝ አለኝ። ገመዱ ላይ የተጨመረው ብር ሁሉ የመርካቶው ሰውዬ ኪስ አልገባም ማለት ነው።

መልስ 6። አንድ ጥንቁቅ ሰው ትራንዚተሩን አረመው። ተመኑ በአንድ ሌሊት 120 አልገባም፤ ደረጃ በደረጃ ነው የወጣው። ስለዚህ የሐምሌ 22ቱን ጭማሪ በቀረጥ ማሳበብ አይቻልም፤ ያን ቀን የጨመረው በፍርሃት ነው። ትራንዚተሩ አውራ ጣት ሰጠው። ልክ ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት የመልስ 2 ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው የመልስ 5።

መልስ 7። የሞያሌን መስመር የሚያውቅ ሰው ገባ። ሀዋሳ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ናት፤ ስለዚህ ኮንትሮባንድ ለእኛ ወሬ ሳይሆን ጎረቤት ነው። ቀረጡ በብር ሲያብጥ በሕጋዊ መንገድ የሚያስገባው ይከስራል፣ በጨለማ የሚያስገባው ደግሞ ትርፉ ይሰፋል። የእሱ ነጥብ አጭር ናት፦ ተመኑን ገበያ ላይ ስታውለው የቀረጡን መጠን አብረህ ካላወረድክ በፊት ለፊት በር የጠራኸውን ሰው በጓሮ ታስገባዋለህ። እኔ ራሴ እጎኔ ያለው ሱቅ ከእኔ መግዣ በታች የሚሸጠውን ብሬከር ሳይ ከየት እንደመጣ አልጠይቅም። ደንበኛውም አይጠይቅም።

መልስ 8፣ 9 እና 10። ክሩ ጉዞውን ለቀቀ። አንድ ባለ ባጃጅ ስለ ዶላር የሚያወራ ሁሉ መጀመሪያ ስለ ቤንዚን ይናገር ብሎ ነው የገባው። ማደያው ደረቅ ነው፣ መንገድ ዳር ግን በሃይላንድ ይሸጣል፤ ይኼም ገበያ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። የሚቀጥለው ሰው ነገሩን አብራራለት። ነዳጅ ከዋጋው በታች እየተደጎመ ሲሸጥ ልዩነቱን የሚበላ ሰው መሃል ላይ ይበቅላል፤ ድጎማው ደረጃ በደረጃ የሚነሳውም ለዚህ ነው። ባለ ባጃጁ አልተዋጠለትም። ዋጋው ጨምሯል፣ ሃይላንዱም አልጠፋም፤ ሁለቱንም ነው የምከፍለው አለ። መልስ 10 ደግሞ ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ አሞራ ገደል ወርዶ ጥሬ ዓሣ በዳጣ መብላት እንደሆነ ጻፈ። ብዙ ሰው ወደደለት። የዓሣውም ዋጋ ጨምሯል ብሎ የመለሰለት አንድ ሰው ብቻ ነው።

መልስ 11። ከቤንሳ የመጣ የቡና አቅራቢ ነው። ቀይ እሸት ከገበሬ ገዝቶ አጥቦ ለላኪ ይሰጣል። ብዙ ጻፈ፤ ፍሬ ነገሩን ልንገራችሁ።

ከተመኑ ለውጥ በፊት የቡና ገበያችን ግልብጥ ነበር። ላኪው እዚህ በውድ ይገዛል፣ ውጭ በርካሽ ይሸጣል። በቡናው ይከስራል፤ ያውቃል። የሚፈልገው ዶላሩን ነው። በዶላሩ ብረት ወይ ጎማ ያስገባል፤ በሱ ከቡናው ኪሳራ በላይ ያተርፋል። ቡና ዶላር መቅጃ ባልዲ ሆኖ ነበር። ቡናን በቡናነቱ የሚነግድ ሰው ከእነዚህ ጋር ተወዳድሮ አይገዛም፤ ከገበያ ወጣ።

በዚያ ላይ ከ2014 ጀምሮ ላኪው ካገኘው ዶላር 70 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ ያስረክብ ነበር። በእጁ የሚቀረው 20 በመቶ ነው። ሐምሌ 2016 ይኼ ተነሳ፤ 50 በመቶውን ለራሱ እንዲይዝ፣ ሌላውን ለባንኩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዝር ተፈቀደለት። ዶላር በባንክ በእውነተኛ ዋጋው ሲገኝ በቡና የሚከስርበት ምክንያት ቀረ። አቅራቢው ይኼን ሲጽፍ ደስታው ይታያል። በ2017 በጀት ዓመት ከቡና 2.65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መገኘቱን ጠቅሶ፣ ለለውጡ ከዚህ በላይ ምስክር የለም አለ።

መልስ 12። ደስታውን የቀነሰበት ሰው ወዲያው መጣ። ያ ገንዘብ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው ወይስ ከብራዚል ብሎ ጠየቀ። ብራዚል ድርቅ ስለመታት የአረቢካ ዋጋ በፌብሩዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። ዋጋው ሲወርድ ያኔ እንነጋገር አለ።

መልስ 13። አቅራቢው ብራዚልን አልካደም። ግን ያ ዋጋ በድሮው አሠራር ቢመጣ ኖሮ 70 በመቶው በ57 ብር ተመንዝሮ ይቀር እንደነበር አስልቶ አሳየ። ድርቁ ዋጋውን አመጣ፤ ለውጡ ዋጋውን ቤንሳ አደረሰው። ገበሬው ጋ ስንቱ ደረሰ የሚለውን ግን ራሱ ሳይጠየቅ አነሳ። እሸት የሚሸጠው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በቆሎ የሚገዛው ክረምት ላይ ነው። በመሃል ብሩ ይሟሟል። ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ ወይም ላም የገዛ ተረፈ፤ ብሩን ፍራሽ ሥር ያስቀመጠ ተቃጠለ።

መልስ 14። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ኢኮኖሚክስ ያጠናል። ቬትናምን ይዞ ገባ። ዶይ ሞይ የተባለው ለውጥ በ1986 እ.ኤ.አ. ሲጀመር መጀመሪያ የተከፈተው የውስጡ በር ነበር ባይ ነው። መሬቱን ከማኅበር አውጥተው ለየገበሬው ቤተሰብ እንዲያርስ ሰጡት፤ የእህል ዋጋ ለቀቁ። ሩዝ ከውጭ ታስገባ የነበረች አገር በ1989 እ.ኤ.አ. ሩዝ ላኪ ሆነች። የዓለም ንግድ ድርጅት አባል የሆነችው ግን በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ደግሞ ለዚሁ ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. አመልክተን የውጩን በር እያንኳኳን፣ ድንች የጫነ አይሱዙ ከሁላ ተነስቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ በየኬላው ይቆማል። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ ክርክሩ ይኼ ነው።

ለእኔ ከክሩ ሁሉ የተሻለው ሐሳብ ነው። ዶላር በነፃ ዋጋ እየተገዛ ድንች በነፃ ካልተጓዘ፣ የተከፈተው ገበያ የወደቡ ብቻ ነው።

መልስ 15። አሮጌው ገበያ አካባቢ እህል የሚነግዱ አዛውንት ግን ከመጽሐፍ ያነበበ ልጅ ሊያስተምራቸው እንደማይችል ነገሩት። ኬላውን እሳቸው በየሳምንቱ ያዩታል። ቬትናምን ደግሞ እሱም አላያትም። የእሳቸው አስተያየት ገበያ ማለት ጸጥታ ነው፤ መኪናው ሳይዘረፍ ከደረሰ ለኬላ መክፈሉ አያናድዳቸውም።

መልስ 16። ተማሪው ጀምሮት የነበረውን አንቱታ ተወው። የመንገድ ዘራፊና ባለ ኬላ ልዩነታቸው ደረሰኝ ብቻ ነው፣ አንዳንዴ እሱም የለም አለ። ከዚያም ነጋዴው ዝም ብሎ የሚከፍለው ክፍያውን ሸማቹ ላይ ስለሚጭን ነው ብሎ ጨመረ። ይኼኛው ነካቸው።

መልስ 17 ተሰርዟል። ምን እንደነበር አይቻለሁ፤ የልጁን አባት ያነሳ ነበር።

መልስ 18። ጋሼ ዳኛ ሆነው ገቡ። ልጁን በነገሩ ትክክል፣ በአፉ ጥፋተኛ አደረጉት። አዛውንቱን ደግሞ የኬላውን ክፍያ ለአንድ ኩንታል ስንት እንደሚደርስ አስልተው እንዲጽፉልን ለመኗቸው። እስካሁን አልጻፉም። ቢጽፉ ከሁላችን ወሬ ይበልጥ ነበር።

መልስ 19። አንዲት ልጅ ነች፤ ድሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራ ነበር። እሷ ስትጽፍ ክሩ ትንሽ ጸጥ አለ። ፓርኩ በ2008 ሐምሌ ሲመረቅ ከተማው ውስጥ የነበረውን ጉጉት አስታወሰችን። የሸሚዝ አንገት ትሰፋ ነበር። ከመስመሩ ጫፍ ላይ በሰዓት ስንት አንገት እንደሚጠበቅ የሚጻፍበት ሰሌዳ አለ፤ ቁጥሩ ካልሞላ ኃላፊዋ መጥታ ከኋላዋ ትቆማለች። ሌሎች ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው፣ በፈረቃ እየተኙ፣ የሚቀራት ለቤተሰብ የምትልከው ትንሽ ነገር ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የኢትዮጵያን ልብስ ሰፊ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ብሎ መጻፉን ከክሩ ሰዎች አንዱ ቀደም ብሎ ጠቅሶ ነበር፤ እሷ ያንን አይታ ነው የገባችው። የግል ድርጅት ዝቅተኛ ደሞዝ በሕግ ያልተወሰነበት አገር ነው ያለነው።

ከዚያ የአጎዋ ጉዳይ መጣ፤ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ዕቃ የሰጠችው ከቀረጥ ነፃ ዕድል ነው። አሜሪካ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃው ዕድል አስወጣች። የምትሠራበት ድርጅት ዕቃውን ጭኖ ሄደ። በሩን የዘጋው እሷ የማታውቀው ሰው ነበር፤ እሷ የምታውቀው ሰሌዳው ላይ ቁጥር መጻፍ መቆሙን ነው።

አሁን ቤቷ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ተመኑ ሲለቀቅ የሠራተኛ ጉልበት በዶላር ሲታይ በአንድ ጊዜ ረከሰ፤ ኢንቨስተር ይመጣል እየተባለ ነው። እሷን ያናደዳት ይኼ አባባል ነው። የእኔ መርከስ ለማን ነው የምስራች የሆነው የሚል ነገር ነው የጻፈችው። ጨርቁም ክሩም ከውጭ ነው፤ ጨመረ። የምትሰፋውን ልብስ ደግሞ ቦንዳ ይገድለዋል። በእጅ የተሰፋ ሱሪ ከቦንዳ ሱሪ ጋር በዋጋ አይወዳደርም።

መልስ 20። አንዱ ነገሩን ወደ ጦርነቱ ወሰደው። አስተዳዳሪው አጠፋው። ክሩን ለማዳን ትክክል አደረገ፤ ግን አጎዋ ያለ ጦርነቱ አይገባም፤ ስለዚህ የልጅቷ ታሪክ ግማሹ ተቆርጦ ቀረ።

መልስ 21። የመድኃኒት ቤት ባለቤት። ሁለት መስመር ብቻ። የደም ግፊት ክኒን የሚወስዱ ሽማግሌዎች አሁን ፓኬቱን ትተው በፍሬ እየገዙ ነው።

መልስ 22። የጠበቅኩት ሰው መጣ፤ ባንክ ይሠራል። ስለ ብር ወረፋው ግምቴ ተገቢ መሆኑን አረጋገጠልኝ፤ ግን ወረፋው በስህተት የመጣ እንዳልሆነ አስረዳ። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ባንኮች ብድራቸውን በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ገደበ። በኋላ ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። የታሰበው የዋጋ ንረቱን ለመያዝ ነው። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የአራት ዓመት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሲፈቅድም ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ይኼ የብር ጥበቃ ነው።

አሁን ሒሳቡን ያዙ። የ100,000 ዶላር ኮንቴነር በ57 ብር ሲሆን 5.7 ሚሊዮን ብር ይፈልግ ነበር። በ130 ሲሆን 13 ሚሊዮን ይፈልጋል። በባንክ ዶላር ይሠራ የነበረው ሰው ያንኑ ኮንቴነር ለማምጣት ከእጥፍ በላይ ብር ያስፈልገዋል፤ ብድሩ ግን ያኔ በ14 ወይ በ18 በመቶ ብቻ ነበር የሚያድገው። ዶላሩ ባንኩ ካዝና አለ፤ ብር ይዘህ ና ይባላል። ብር ያለው ማን ነው? ትልቁ። ቤት ወይም ሕንፃ ማስያዣ ያለው። መሬት ራሱ በሕገ መንግሥቱ አይሸጥ አይለወጥ፤ ስለዚህ ላዩ ላይ ያልገነባ ሰው ባንክ ፊት እጁ ባዶ ነው።

ባንከኛው ራሱ የሚሠራበትን ቤት ነው የነቀፈው፤ ባርኔጣዬን አነሳሁለት። ድሮ ዶላሩ የሚደለደለው በትውውቅ ነበር። አሁን በማስያዣ ነው። ከትውውቅ ማስያዣ ሳይሻል አይቀርም፤ ቢያንስ ዕዳው በስምህ ይጻፋል። ለእንደኔ ዓይነቱ ግን ከበሩ ውጭ መቆሙ አልተቀየረም።

መልስ 23። ከውጭ አገር የገባ ወንድማችን በባንክ መላክ አሁን ትርጉም አለው ብሎ ጻፈ። ድሮ ለእናቱ በባንክ ሲልክ ገንዘቡ መንገድ ላይ ግማሽ ይሆንበት ነበር። ጥቁር ገበያው ደግሞ እንደገና ከባንኩ ርቆ እየሄደ መሆኑን ግን አልሸሸገም፤ ፈተናው እዚያ ላይ ነው።

መልስ 24። በመመሪያ ቁጥር 1001/2016 የውጭ ባለሀብት ለብቻችን በተከለለው የወጪ፣ የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ እንዲገባ መፈቀዱን አንዱ አንስቶ፣ ትልቅ ሱፐርማርኬት ሀዋሳ ሲመጣ ሁላችንም ሱቅ እንዘጋለን ብሎ አስፈራራን። ሰው ግን ብዙ አልደነገጠም። ብር የለንም ብሎ ያለቀሰ ሰው ብር ይዞ የሚመጣውን ለመፍራት ጊዜ የለውም መሰለኝ። ሳፋሪኮም 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ሲያገኝ የዳታ ዋጋ እንደወረደ ያስታወሰ አለ። ቴሌና ጨው ቸርቻሪ አንድ አይደሉም ያለም አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ግን ክርክሩ ሳይሞቅ ቀረ።

መልስ 25። ተግባራዊ ሰው ሲመጣ ያስታውቃል። እሷ የቤት ዕቃ ነጋዴ ናት። ባንክ ካልሰጠን እኛው እንሰጣጥ አለች። ዕቁቧ ውስጥ ያሉት ሁሉም ነጋዴዎች ናቸው፤ ዕጣ የወጣለት በዚያ ብር ከአስመጪው ድርሻ ይገባል። ኮንቴነሩን ለሦስት ለአራት ይካፈላሉ።

መልስ 26። ተማሪው ተመለሰ። ይኼኛው ጊዜ በጨዋ ደንብ ነው። ዕቁብ ዋጋ በማይንቀሳቀስበት ዘመን የተሠራ ነገር መሆኑን ጠቆመ። ብር እየወረደ ከሆነ መጀመሪያ የወጣለት ገመድ ይገዛበታል፣ መጨረሻ የደረሰው በዚያው ቁጥር ግማሽ ገመድ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ዕጣው ዕድል ብቻ ሳይሆን ዋጋ አለው አለ።

መልስ 27። ሴትዮዋ ይኼን ከሱ ቀድማ ታውቀዋለች። በእነሱ ዕቁብ መጀመሪያ የወጣለት ሰው ዕጣውን መሸጥ ይችላል፤ ገዢው ከጠቅላላው ላይ ቀንሶለት ይወስዳል፣ ዳኛውና ጸሐፊው ይመዘግባሉ። ድሮ ለሠርግና ለልቅሶ ካልሆነ ዕጣ የሚገዛ አልነበረም። አሁን ከወር ወር ዋጋው እየጨመረ ነው፤ እሱንም ማስላት ያለብን በባንክ ወለድ ነው ወይስ በዕቃው ዋጋ በሚለው ተጣልተናል አለች።

መልስ 28። ባንከኛው በባንክ ወለድ ከተሰላ ሻጩ እንደሚጎዳ መለሰላት። የዋጋ ንረቱ ከወለዱ ሲበልጥ ማለት ነው። በዕቃው ዋጋ ከተሰላ ግን የማን ዕቃ? ሳሙና ነጋዴውና ገመድ ነጋዴው አንድ ዕቁብ ውስጥ ናቸው፤ ጭማሪያቸው እኩል አይደለም።

መልስ 29። ሴትዮዋ ለዳኛው ነግራ ለሚቀጥለው እሑድ አጀንዳ አስይዛለች። የሚፈልግ ሰው ገብቶ ይስማ ብላለች፤ ግን ለመናገር መጀመሪያ አንድ ዕጣ መግባት አለበት።